የወደቧ መርማሪ እና የቅሬው ድንኳን

ሰርካለም የሱቅ ጎረቤቴ ናት። እኔ የስፖንጅ ፍራሽ እሸጣለሁ፤ እሷ ፀጉር ትሠራለች። በሁለታችን መካከል ያለው ግድግዳ ቆርቆሮ ስለሆነ የከተማችንን የመካነ ሰላምን ሴቶች ጉዳይ ሳልፈልግ አውቃለሁ። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደታየች፣ የየትኛዋ ፀጉር እየረገፈ እንደሆነ። ይህን ሁሉ ይዤ ዝም ብዬ ፍራሽ እሸጣለሁ። ልብ ወለድ ግን አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ የማወራው ነገር ልብ ወለድ ወድጄ የመጣብኝ እንዳይመስል ነው።

ሰርካለም የወግዲ ልጅ ናት። እስከ አሥረኛ ክፍል ተምራ፣ ሾፌር አግብታ ወደዚህ መጣች። ሾፌሩ ሥራ በዛብኝ እያለ ውጭ ማደር አመጣ። የት ነበርክ ስትለው አቀስታ ይላታል። አንድ ቀን ጫማውን ልትጠርግለት ብታነሳው ሶሉ ላይ ቀይ የቆላ ጭቃ ተጋግሮበታል። የአቀስታ አፈር ደግሞ ጥቁር ነው። አልጮኸችም፣ ጎረቤትም አልጠራችም። ጫማውን ጠርጋ ደጃፍ ላይ አስቀመጠችለት፤ ልብሱንም በፌስታል አድርጋ ከጎኑ ጨመረችበት። ፀጉር ቤቱን የከፈተችው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ታሪክ እሷ አልነገረችኝም፤ በቆርቆሮው በኩል የመጣ ነው።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥን አለ። ሹሩባ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ግማሽ ቀን ያለ ሥራ የምትቀመጥ ሴት ደግሞ ዓይኗን የምታሳርፍበት ነገር ትፈልጋለች። አንድ ወደ አማርኛ የተመለሰ የውጭ ድራማ ነበር፤ «የወደቧ መርማሪ» ይባላል። መርማሪዋ ሴራይ የምትባል፣ ገና ሃያዎቹን የጀመረች ልጅ ናት። በምትሠራበት ከተማ አንድ ባለመርከብ ሀብታም ተገድሎ ገዳዩን ስትፈልግ በጋውም ክረምቱም አለፈ። ሴራይ አንድ ደንብ አላት፤ በየክፍሉ ትደጋግመዋለች። «ማንም የማይጠረጥረውን ሰው ፈልጉ» ትላለች። ይህን ደንብ በሰፈራችን የማያውቅ አልነበረም። ዶሮ የጠፋባት ሴት እንኳ ቀበሮውን ትታ ከጎረቤቶቿ ሁሉ ጨዋውን ታስብ ጀመር።

ከዚያ ሴራይ የከተማውን ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ሰብስባ፣ ጣቷን ቀስራ፣ «ገዳዩ» ብላ አፏን ስትከፍት መብራት ጠፋ። አላጋነንኩም፤ እኔም በቆርቆሮው በኩል እየሰማሁ ነበር። ደቂቃ ይጠፋል ያልነው መብራት ወራት ጠፍቶ ቆየ። ሲመለስ በዚያ ሰዓት ድራማው ቀርቶ አንድ ወፍራም ሰውዬ ሽንኩርት ይከትፋል። ሴቶቹ ምናልባት ገዳዩ እሱ ይሆን ብለው ጥቂት ጊዜ አዩት። ሽንኩርቱን ጠብሶ ጨረሰና ተሰናበታቸው።

በዛች የምትባል እህል ነጋዴ አለች፤ ማንንም የማትፈራ ሴት ናት። ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኖ ሳለ ሰርካለምን፣ አንቺ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ያየሽ ነሽና ገዳዩን ንገሪን፣ ካልነገርሽን እዚህ ምን እንሠራለን አለቻት። ሰርካለም ላስብበት አለች። አሰበችበት ማለት ጻፈችው ማለት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ደንበኞቿ ተራ እስኪደርሳቸው ሲጠብቁ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አነበበችላቸው። ካስክ ውስጥ ፀጉሯን የምታደርቀው ሴት አይሰማኝም ስትል ድምጿን ከፍ አደረገች። እኔም የሰማሁት በዚህ ምክንያት ነው።

የሰርካለም መጽሐፍ ሴራይ አፏን ከከፈተችበት ይጀምራል። እዚያም መብራት ጠፋ፤ መብራቱ ሲመጣ ገዳዩ ከአዳራሹ የለም። ይሄ ጥሩ አጀማመር ነው፤ ልብ ወለድ ባልወድም እውነቱን እናገራለሁ። ሰርካለም ባሕር አይታ አታውቅም፤ ስለዚህ ባሕሩ የአባይ ሸለቆ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ የቆመ ነው ብላ ጻፈች፤ ሁሉም ገባው። መርከቡ ሲነሳ እንደ ሲኖትራክ ይጮሃል። ሴራይ ሲበርዳት ጋቢ ትደርባለች። ነገሩ ሲጠብቅባት ደግሞ ሽማግሌዎች ሰብስባ ከወደቡ ዳር ካለ ወይራ ሥር ታስቀምጣለች። በድራማው እንዲህ ያለ ነገር አላየንም፤ ግን ማንም አልገረመውም። ሰው መላው ከጠፋው ታዲያ ምን ያድርግ።

አንድ ጊዜ ብቻ ጠብ ተነሳ። ሴቶቹ ሴራይ ከረዳቷ ጋር ትጋባ አሉ፤ በዛችም ልጅቷ እኮ ዕድሜዋ እየሄደ ነው ብላ አጥብቃ ያዘች። ሰርካለም ሥራ ላይ ናት ብላ እምቢ አለች። አንዷ ተቀይማ ለሁለት ሳምንት ፀጉሯን ሌላ ቦታ ተሠራች። ከዚያ ምዕራፍ አመለጣትና ተመልሳ መጣች።

ገዳዩ የወጣው በሐምሌ ነው። የወደቡ ዘበኛ ሆነ። ሰርካለም ለሴቶቹ ስትናገር ሰምቻታለሁ፤ ዘበኛን ሰው ሁሉ በፊቱ ያልፋል እንጂ የሚያየው የለም፣ ስለዚህ ከዘበኛ በላይ የማይጠረጠር የለም አለቻቸው። ይሄም ልክ ነው። ችግሩ ሰርካለም በሕይወቷ በቅርብ የምታውቀው ዘበኛ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። የኛን።

የኛ ሱቆች ዘበኛ አያ አድማሴ ይባላሉ። በጋም ክረምትም ጥቁር ጃንጥላ ይይዛሉ። ማታ ሱቆቹ ሲዘጉ ከዳር ጀምረው የእያንዳንዱን በር ቁልፍ ነቅነቅ እያደረጉ፣ በባለቤቱ ሥራ ስም እየጠሩ ደህና እደር ይሉታል። ሰውየውን አይደለም፤ ቁልፉን ነው። «የፍራሹ፣ ደህና እደር። የፀጉሩ፣ ደህና እደሪ።» ሚስትም ልጅም የላቸውም። አንድ ባለሱቅ በሩን ሳይቆልፍ ሄዶ፣ አያ አድማሴ ዝናብ እየወረደባቸው በሩ ላይ ተቀምጠው አደሩ። ጠዋት ባለቤቱ መጥቶ ለምን ቤቴ ድረስ መጥተው አልጠሩኝም ቢላቸው፣ ከበሩ እንዴት እነሳለሁ አሉት። ሐቀኝነታቸው አንዳንዴ ያናድዳል። የዕቃዬን ጥራት ጠይቋቸው የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ከኔ ሱቅ ሳይገዛ ይሄዳል።

የሰርካለም ዘበኛም ጃንጥላ አለው። መጋዘኖቹን እየዞረ ቁልፎቹን ደህና እደሩ ይላል። ይህ ምዕራፍ ሲነበብ ሴቶቹ ከሳቅ ብዛት ካስኩን ሊጥሉት ነበር። ሰርካለም ክፋት አላሰበችም፤ ሰውየውን ስለምትወደው ነው የሣለችው። ምዕራፉ ከቤት ቤት እየተዋሰ ወጣ። ያላነበበ ከሚስቱ ሰማ፤ ሚስቱም ከፀጉር ቤት ነበር የሰማችው።

ከዚያ በነሐሴ የቅሬው ድንኳን ጠፋ።

ቅሬ እኛ ወሎዬዎች ሞትን በጋራ የምንሸከምበት ነው፤ ሌላው አገር እድር የሚለው። በኛ ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። የሞተበትን እንቀብርለታለን፣ ደጃፉ ላይ ድንኳን እንተክላለን፣ አብረነው እንቀመጣለን። ከቅሬ የወጣ ሰው ግን እሳት የሚጭርለት፣ ሲሞትም የሚያነሳው የለም። ዘመድ ያለው ሰው ይህን እንደ ቅጣት ያየዋል። እንደ አያ አድማሴ ያለ፣ ከቅሬው በቀር ማንም የሌለው ሰው ግን እንዴት እንደሚያየው ማሰብም ያስፈራል።

ድንኳኑ መጥፋቱን ያወቀው የቅሬው ዕቃ ያዥ ወንድዬ ነው። ፀሐይ ወጣ ሲል ላናፍሰው ብሎ ዕቃ ቤቱን ቢከፍተው ቦታው ባዶ ነው። ቁልፉ አልተሰበረም። ይሄ ግን የሚያስደንቅ አልነበረም፤ ወንድዬ መክፈቻውን የሚያኖረው ከበሩ አናት ካለው ቀዳዳ ነው፤ ይህን የማያውቅ ለከተማው እንግዳ የሆነ ብቻ ነው። ወንድዬ ድንጋጤ ውስጥ ገብቶ በየቤቱ እየዞረ፣ ድንኳኑ እስኪገኝ ማንም እንዳይሞት አሳሰበ። በሽተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ቅር አለው።

አውጫጭኝ ተጠራ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ጉዳዩ ሳይወጣ ማንም አይነሳም፤ እያንዳንዱ በተራው ያየኸውን የሰማኸውን ተናገር ተብሎ በየሃይማኖቱ ይምላል። ጎረቤቱን በስሙ አንስቶ መክሰስ የሚፈራ ሰው፣ ወፍ ነገረችኝ ይላል። ወፏን ማን ናት ብሎ አጥብቆ የሚጠይቅ የለም። ድሮ ከአባቶቻችን የመጣ ሥራ ነው፤ ብዙ ከብት አስመልሷል።

እሑድ ከሰዓት በፊት ከትልቁ ወይራ ሥር ተቀመጥን። ከፊት ሸህ ኑርሁሴንና ቄስ ይሄነው ጎን ለጎን ናቸው፤ ሸሁ የቅሬው ዳኛ፣ ቄሱ ምክትላቸው። ዝናቡ አቋርጦ መሬቱ ገና እርጥብ ነበር፤ እኔ ከሱቄ ቁራጭ ስፖንጅ ይዤ ሄጄ ነበርና ብዙ ሰው በቅናት አየኝ።

የመጀመሪያው ተነስቶ ማለ። ራሱ ምንም አላየም፤ ወፍ ግን ዘበኛው ነው ብላ ነገረችው። ሁለተኛውም ማለ፤ ለሱም ወፍ ዘበኛው ነው አለችው። ሦስተኛው ወፏ ጃንጥላም ጠቅሳለታለች። በዛች ተራዋ ሲደርስ ከወፏ አልፋ ምክንያት ጨመረች፤ ከዚህ ሁሉ ሰው ማንም የማይጠረጥረው ማን ነው፣ አያ አድማሴ አይደሉም ወይ፣ እንግዲያው ሌላ ማን ሊሆን ነው አለች። ብዙ ራስ ተነቀነቀ። እኔ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። የሰፈሬ ሰው ድራማውን ከልቡ ተምሯል።

አያ አድማሴ ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጠዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ከፊታቸው ሆነን ስለ እሳቸው ስናወራ እሳቸውን የጠየቀ አልነበረም። ተራቸው ገና ነው፤ ደግሞም የአያ አድማሴን ዓይን እያዩ ሰረቅህ ወይ ማለት ማንም አልደፈረም። በወፍ ማለት ይቀላል።

የኔ ተራ ደረሰ። እኔ በሰው ፊት መናገር አልወድም፤ ግን ተናድጄ ነበር። «የኔ ወፍ የምትመጣው በቆርቆሮ በኩል ነው» አልኩ። የሁላችሁም ወፍ አንዲት ናት፣ የሰርካለም መጽሐፍ ናት፣ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ዘበኛ ደግሞ የገደለው ባለመርከብ ነው እንጂ ድንኳን አልነካም ብዬ ተቀመጥኩ። ሸህ ኑርሁሴን ቀደም ብለው የመሰከሩትን አንድ በአንድ አስነስተው ወፏን የት እንዳገኟት ጠየቁ። አንዱ ከሚስቱ፣ ሌላዋ ከፀጉር ቤት፣ ሌላው ከእህቱ ነው። ሁሉም ዞሮ ዞሮ ሰርካለም ደጃፍ ደረሰ።

ሰርካለም ተነሳች። ዘበኛውን ከራሷ ፈጥራ እንደጻፈችው፣ ስለ ድንኳኑም ምንም እንደማታውቅ ተናገረች። በዛች አልለቀቀቻትም። ጃንጥላው እውነት ነው፣ ቁልፎቹን ማናገራቸው እውነት ነው፣ ታዲያ ጥፋቱ ላይ ሲደርስ ብቻ ውሸት የሚሆነው ለምንድነው አለቻት። ከኋላ አንድ ሰው ደግሞ ባለመርከብ የገደለ ሰው ለድንኳን ይሳሳል ወይ ሲል ሰማሁት። የሚቀልድ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁት። አይቀልድም።

ሰርካለም ምን ብትላቸው እንደሚያምኗት ጠፋት። ውሸቷን አምነው እውነቷን አላመኑም። ዓይኗ ከአያ አድማሴ ላይ ሄዶ ሲቀር አየሁ፤ የምታየው ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ነገ ከቅሬ ወጥተው፣ ታመው፣ በር የሚያንኳኳላቸው አጥተው ነው። እሷ ናት ያደረገችው። አዘንኩላት፤ እውነቴን ነው።

«በመስቀሉ እምላለሁ» አለች በመጨረሻ። «አያ አድማሴ ድንኳኑን አልወሰዱም።»

ቄስ ይሄነው እንዲህ ያለውን ነገር አቅልለው አያዩም። ያላዩትን አልሆነም ብሎ መማል ከባድ መሆኑን ነገሯት። ገባኝ፣ እምላለሁ አለች። መስቀሉን አውጥተው ዘረጉላት። እጇን ስትዘረጋ ከመጨረሻው ረድፍ ጃንጥላው ተነሳ፤ ከጃንጥላው ቀጥሎ አያ አድማሴ ተነሱ።

«ተይ ልጄ፣ አትማይ» አሉ። «ድንኳኑን የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

በዛች ራሷ አፏን ይዛ ቀረች፤ ትክክል መሆኗ አስደንግጧታል። ቄስ ይሄነው፣ ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልክ አሏቸው።

«ተራዬ አልደረሰም ነበር፤ ከዚያ በፊትም የጠየቀኝ የለም።»

ከዚያ ታሪኩን ተናገሩ። ከከተማው ውጭ የመንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ የምታቀብል ፈትሂያ የምትባል ልጅ ነበረች። ከየት እንደተፈናቀለች በውል አያውቁም፤ ሩቅ ነው ብላቸዋለች። ማታ ማታ ገበያ ወጥታ ወደ ሠራተኞቹ ሰፈር ስትመለስ በኛ ሱቆች በኩል ታልፋለች። በዚያ ዝናብ ታመመች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። የሥራ ጓደኞቿ እንደ ሃይማኖቷ አድርገው ቀበሯት። ግን ሁሉም መንገደኛ ናቸው፤ ቅሬ የላቸውም፤ ለቅሶውን የተቀመጡት ሜዳ ላይ ዝናብ እየወረደባቸው፣ የሲሚንቶ ከረጢት ራሳቸው ላይ ጥለው ነው። አያ አድማሴ ይህን አይተው ተመለሱ፤ አህያ ለመኑ፤ መክፈቻውን ሁላችንም ከምናውቀው ቀዳዳ አወጡ። ሦስተኛው ቀን ሲያልቅ ሊመልሱት ነበር። ወንዙ ሞላና መንገዱን ቆረጠው፤ ድንኳኑ ከወንዙ ማዶ ቀረ።

የቅሬው ደንብ አጭር ነው። ድንኳን የሚወጣው ለአባልና ለአባል ቤተሰብ ብቻ ነው፤ በድብቅ ለሌላ ያወጣ ከቅሬ ይወጣል። ደንቡን ስናወጣ አያ አድማሴም እጃቸውን አውጥተው ደግፈውታል። ይህን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ማስታወሱ ግን ማንንም ደስ አላለውም።

ሸህ ኑርሁሴን ጢማቸውን ዳበሱ። ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «አድማሴ፣ ልጅቱ ምንህ ናት?» አሉ።

ምን እየሰጧቸው እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ዘመዴ ናት ቢሉ ነገሩ አለቀ፤ ወሎ ውስጥ ማን ከማን እንደማይዛመድ ማን ያውቃል።

«ምኔም አይደለችም» አሉ።

ሸሁ፣ ረጋ ብለህ አስብ፣ በእናትህም በኩል ቢሆን አሏቸው። አያ አድማሴ ረጋ ብለው አሰቡ፤ በእውነት አሰቡ። ሕዝቡ ሁሉ ወደፊት አዘንብሎ ይጠብቃል፤ በዛች እንኳ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

«ዘመዴ አይደለችም» አሉ። «እኔ ማታ ማታ ቁልፎቹን ደህና እደሩ ስል ትሰማኛለች። እሷ ናት መልሳ ደህና እደሩ አባባ የምትለኝ። ሌላ የሚመልስልኝ አልነበረም። አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።»

እኔ በዚያ ሰዓት ስፖንጄን ተነስቼ ለሆነ ሰው ሰጠሁት። ለማን እንደሰጠሁት አላስታውስም።

ሰርካለም ገና ቆማ ነው። ድምጿ የሳምንቱን ምዕራፍ ስታነብ የምታወጣው ድምፅ ነው። «ፈትሂያ እህቴ ናት» አለች። «እኔ ደግሞ የቅሬው አባል ነኝ። ድንኳኑ የወጣው ለእህቴ ነው።»

ሸህ ኑርሁሴን አዩዋት። «እህትሽ?»

«በአባቴ።»

«አባትሽን አውቃቸው ነበር፤ የወግዲው ደብተራ አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው።»

«ደብተራው ፈትሂያ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው?»

«ወሎ ውስጥ ነው የኖሩት፣ ሸሆዬ» አለች።

አንድ ሰው ሳቀና መልሶ ዋጠው። ቄስ ይሄነው ከልማድ የተነሳ መስቀሉን እንደገና ዘረጉ፤ የመሰከረ ሁሉ ይምላላ። ሸህ ኑርሁሴን የቄሱን እጅ በእጃቸው ይዘው ቀስ አድርገው ዝቅ አደረጉት።

«ይመልሱት ቄስ» አሉ። «ይቺኛዋን አናስምላትም።»

ቄስ ይሄነው መስቀሉን ኪሳቸው ከተቱ። ሸሁ ፍርዱን ተናገሩ፤ የአባል እህት ሞታለች፣ ድንኳኑ በደንቡ መሠረት ወጥቷል፣ የጠፋ ነገር የለም፤ ከአያ አድማሴ የሚጠየቀው ሳይናገሩ ማውጣታቸው ብቻ ነው፣ ለሱም አፉ ብለናል። ከዚያ ወደ ወንድዬ ዞረው፣ አባላችን ሐዘን ላይ ሆና ማንም ሳይደርሳት መሰንበቱ ለቅሬው ነውር ነውና ወንዙ እንደጎደለ ድንኳኑ ይምጣ፣ በደጃፏ ይተከል አሉት።

እንዲህ ሆነ። ድንኳኑ ከፀጉር ቤቱና ከፍራሽ ቤቱ ፊት ተተከለ፤ የኔም በር ተዘጋ፤ ምንም አልሸጥኩም። ሰው መጣ። እግዜር ያጥናሽ የሚለውም፣ አላህ ያጥናሽ የሚለውም መጣ። የመንገድ ሠራተኞቹም ወንዙን ተሻግረው መጡና ከዚህ ሁሉ የከተማ ሰው መሃል ምን እንደሚሆኑ ጠፍቷቸው ዳር ላይ ተቀመጡ፤ በዛች ተነስታ ከፊት አስቀመጠቻቸው፤ ንፍሮውንም አስቀድማ ለነሱ አቀረበች። አያ አድማሴ ከሰርካለም ጎን ተቀምጠዋል። ማንኛቸው የቅርብ ሐዘንተኛ እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም።

ሰርካለም እንደ ወጉ ታለቅሳለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ከወግ ያለፈ አለቀሰች። ሰው ቀለል ሲል ሄጄ፣ አብሽሪ፣ ለማታውቂያት ይህን ያህል ምን ያስለቅስሻል አልኳት።

«መርማሪ ጻፍኩ» አለችኝ። «ዘበኛን የሚያየው የለም ብዬ ሰውን አሳቅሁ። ልጅቷ ግን ስንት ማታ በዚህ በሬ ፊት አለፈች፤ መልኳን ንገሪኝ ብትለኝ አላውቀውም።»

እኔም አላውቀውም። በቆርቆሮው በኩል ብዙ ነገር እሰማለሁ፤ በበሩ በኩል ግን አንድ ቀን ደህና እደሩ አባባ ሲባል አልሰማሁም።

መጽሐፉ አላለቀም። ሰርካለም ዘበኛውን ከእስር አስፈታችው፤ ሴራይ ራሷ በሩን ከፍታ ይቅርታ ጠየቀችው። ባለመርከቡን ማን እንደገደለው ሴቶቹ ሲጠይቋት እያሰብኩበት ነው ትላለች። በዛች ሴራይን ቢያንስ ትዳር አሲዣት እያለች ትነዘንዛታለች። ልብ ወለድ ስለማልወድ እኔ ግድ የለኝም፤ ረዳቱ ግን መጥፎ ልጅ አይደለም።

አሁን ሱቄን የምዘጋው አምሽቼ ነው። በዚያ ሰዓት ፍራሽ የሚገዛ ሰው መጥቶ አያውቅም። በሩን ከውስጥ ገርበብ አድርጌ እቀመጣለሁ። አያ አድማሴ ከዳር ጀምረው ይመጣሉ፤ ቁልፉን ነቅነቅ ያደርጉና «የፍራሹ፣ ደህና እደር» ይላሉ።

«ደህና እደሩ አባባ» እላለሁ። ከቆርቆሮው ማዶም ሰርካለም ትላለች።